እርሳስ ከቤንዚን የወጣበት መቶ ዓመት

በዲሴምበር 1921 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ፣ ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የጄነራል ሞተርስ ተመራማሪ ለዓመታት ሲፈልገው የቆየውን ነገር አገኘ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ጊዜ መኪና ዳገት ሲወጣ ወይም ጭነት ሲበዛበት ሞተሩ ያንኳኳ ነበር። ቤንዚኑ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይቀጣጠልና ፒስተኑን ይደበድበዋል፣ ጉልበቱም በከንቱ ይባክናል። ሚጅሊና ባልደረቦቹ ከአዮዲን ጀምሮ እጃቸው የገባውን ሁሉ ሞከሩ። በመጨረሻ ቴትራኤቲል ሌድ የሚባል፣ እርሳስ ያለበት ፈሳሽ ጠብ ሲያደርጉበት ማንኳኳቱ ቀጥ አለ።

እርሳስ መርዝ መሆኑ አዲስ ወሬ አልነበረም። ሚጅሊ ግኝቱ ላይ ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1921፣ ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነጭ እርሳስ ለቤት ውስጥ ቀለም እንዳይውል የሚከለክል ስምምነት አጽድቋል። ፈረንሳይ በጉዳዩ ላይ የራሷን ሕግ ያወጣችው ከዚያም አስቀድማ በ1909 ነው። አሜሪካ ስምምነቱን አልተቀበለችም። ብረቱ አንድ፣ ሳይንሱም አንድ ሆኖ ሳለ የሕጉ ጥብቀት ገና ከመነሻው በየአገሩ ለየቅል ነበር።

ለማንኳኳቱ ሌላ መፍትሔም ነበረው። አልኮል ከቤንዚን ጋር ቢቀላቀል ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ የሚጅሊ ቡድን ራሱ ያውቃል። ነገር ግን አልኮልን ማንም ከእህል ወይም ከሸንኮራ ስለሚያወጣው ለአንድ ኩባንያ ብቻ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አያስገኝም፤ የሚቀላቀለውም መጠን ብዙ ነው። የእርሳሱ ፈሳሽ ግን በጥቂት ግራም ይሠራል፣ መብቱም በኩባንያው እጅ ይቀራል። ስለዚህ በፌብሯሪ 1923 እዚያው ዴይተን ውስጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመጀመሪያ ጊዜ በማደያ ተሸጠ። በ1924 ጄነራል ሞተርስና የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል "ኤቲል" የተባለ የጋራ ኩባንያ አቋቁመው ምርቱን በዚሁ ስም ለገበያ አቀረቡት።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤይዌይ በተባለው የስታንዳርድ ኦይል ማጣሪያ ፈሳሹን ሲሠሩ የነበሩ ሠራተኞች መቃዠትና መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሌት ተቀን የሌለ ነገር ያዩ ነበር፤ ራሳቸውንም ሆነ ሌላውን እንዳይጎዱ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ የታሰሩም ነበሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ አምስት ሰዎች ሞቱ፣ በርካቶችም ሆስፒታል ገቡ። ሚጅሊ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ፈሳሹን እጁ ላይ አፈሰሰ፣ ጠርሙሱንም አፍንጫው ሥር ይዞ አሸተተው። እሱ ራሱ ከዚያ በፊት በእርሳስ ተመርዞ እንዲያርፍ ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ እንደነበር ግን ለታዳሚዎቹ አልነገራቸውም። ኒው ዮርክ፣ ፊላዴልፊያና ኒው ጀርሲ ሽያጩን አገዱ።

በሜይ 1925 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ኃላፊ ዋሽንግተን ላይ ጉባኤ ጠሩ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ያንዴል ሄንደርሰንና በሃርቫርድ ለማስተማር የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ሐኪም አሊስ ሃሚልተን አንድ ወገን ሆነው ተከራከሩ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ ይህ ነገር በየመንገዱ በጭስ መልክ ሊረጭ ነው፤ ጉዳቱ ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም ቶሎ አይታይም፤ ስለዚህ ጉዳት እንደሌለው ማረጋገጥ ያለበት ሻጩ ነው። የኩባንያዎቹ ተወካዮች ደግሞ ጉዳት አለ የሚል ወገን ያረጋግጥ አሉ። ጉዳዩን እንዲያጠና የተሰየመው ኮሚቴ የተሰጠው ጊዜ ወራት ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 1926 ለመከልከል የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም ሲል ሪፖርት አደረገ፣ ጥናቱ በመንግሥት ገንዘብ እንዲቀጥልም አሳሰበ። ሽያጩ ተመለሰ፤ ጥናቱ ግን በመንግሥት እጅ አልቀጠለም። ለአርባ ዓመታት ያህል በዘርፉ ዋነኛው የሳይንስ ድምፅ ሮበርት ኬሆ የተባሉ የሲንሲናቲ ሐኪም ሆኑ፤ የላቦራቶሪያቸውን ወጪ የሚሸፍነው ያው ኢንዱስትሪው ነበር።

የዚህ ታሪክ ቁልፍ ያለው እዚህ ጉባኤ ላይ ነው። ማስረጃ የማቅረብ ሸክም በተጎጂው ትከሻ ላይ በወደቀበት አገር ሕጉ ይላላል፤ በአምራቹ ላይ በወደቀበት ይጠብቃል። ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ይህ ሸክም በየአገሩ ከማን ወደ ማን እንደተሸጋገረ፣ ማንስ እንዳሸጋገረው የሚያሳዩ ናቸው።

ክሌር ፓተርሰን የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ሥራው የምድርን ዕድሜ መለካት ነበር፤ በ1950ዎቹም ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምሮ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አረጋገጠ። በልኬቱ ጊዜ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለው። የላቦራቶሪው አየር፣ ውሃው፣ አቧራው፣ የሰው ቆዳ ሳይቀር በእርሳስ ተበክሎ ናሙናዎቹን ያበላሽበት ነበር። ምንጩን ፍለጋ ወደ ውቅያኖስ ጥልቀት፣ ከዚያም ወደ ግሪንላንድና አንታርክቲካ በረዶ ሄደ። ድሮ የወረደው በረዶ ንጹህ ሲሆን የቅርብ ጊዜው በእርሳስ የተሞላ ነበር። በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ በዘመኑ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሮው በብዙ እጥፍ የበለጠ መሆኑን አስረዳ። ኬሆ "የተለመደ" ሲሉት የኖሩት መጠን ሁሉም ሰው እኩል በመበከሉ የተለመደ የመሰለ ነበር። ፓተርሰን በ1966 በሴናተር ኤድመንድ መስኪ ሰብሳቢነት በተካሄደ የሴኔት ስብሰባ ቀርቦ ይህንኑ ተናገረ። ከነዳጅ ኢንዱስትሪው ያገኝ የነበረው የምርምር ገንዘብ ተቋረጠበት።

እውቀቱ እንግዲህ በ1960ዎቹ ማብቂያ በእጅ ነበር። ፈጥና በቆራጥነት የተጠቀመችበት ግን ፓተርሰን የተወለደባት አገር ሳትሆን ጃፓን ናት።

ጃፓን ለዚህ የበቃችው በከባድ ዋጋ ነው። በሜይ 1956 ሚናማታ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ እጅና እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ ንግግራቸው የተሳሰረባቸው ሕፃናት መኖራቸው በይፋ ተመዘገበ። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር፤ ዓሣው ተመረዘ፣ ዓሣውን የበሉ ዓሣ አጥማጆችና ልጆቻቸው ተመረዙ። መንግሥት ምክንያቱን በይፋ ለማመን እስከ 1968 ድረስ ፈጀበት። እነዚያ 12 ዓመታት በጃፓናውያን ልብ ውስጥ ትተውት ያለፉት ቁጣ በቀላሉ የሚበርድ አልነበረም። ስለዚህ በ1970 ቶኪዮ ውስጥ ኡሺጎሜ ያናጊቾ በሚባል መኪና በሚበዛበት መስቀለኛ መንገድ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ደም ውስጥ ብዙ እርሳስ መገኘቱ ሲነገር፣ ውጤቱ በኋላ ላይ ቢያከራክርም፣ ሌላ 12 ዓመት የሚጠብቅ ሕዝብ አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጃፓን ምክር ቤት በአንድ የስብሰባ ወቅት 14 የብክለት ሕጎችን አጸደቀ። በ1971 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተቋቋመ። በ1975 መደበኛው ቤንዚን ከእርሳስ ነፃ ሆነ፤ በ1980ዎቹም ጃፓን በመኪና ቤንዚን ውስጥ እርሳስን ፈጽሞ ያስወገደች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

በአሜሪካም 1970 ትልቅ ዓመት ነበር። በኤፕሪል 22 ሃያ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በምድር ቀን ሰልፍ ወጣ፤ በዲሴምበር የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ሥራ ጀመረ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም የንጹህ አየር ሕጉን ፈረሙ። ይሁን እንጂ እርሳሱ መውጣት የጀመረው ለሕፃናት ታስቦ ብቻ አይደለም። ሕጉ የመኪና ጭስ በእጅጉ እንዲቀንስ ስላዘዘ ፋብሪካዎች ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚያጠራ ካታሊስት ማርሚታው መስመር ላይ መግጠም ነበረባቸው። ካታሊስቱ ደግሞ እርሳስ ከነካው ይበላሻል። በመሆኑም ከ1974 አጋማሽ ጀምሮ ማደያዎች እርሳስ የሌለበት ቤንዚን እንዲያቀርቡ ተገደዱ፣ የ1975 ሞዴል መኪኖችም አብዛኞቹ ካታሊስት ገጥመው ወጡ።

ኤጀንሲው በጤና ምክንያት በቀሪው ቤንዚን ውስጥ ያለውንም እርሳስ ለመቀነስ ደንብ ሲያወጣ ኤቲል ከሰሰው። በ1976 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለኤጀንሲው ፈረደ። ሕዝብን ለመጠበቅ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ጉዳቱ አንድም ጥርጥር እስከማይኖረው ድረስ እጁን አጣጥፎ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም አለ። ሄንደርሰንና ሃሚልተን በ1925 የተሸነፉበት ክርክር ከ51 ዓመት በኋላ በአንድ ዳኛ ድምፅ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ኸርበርት ኒድልማን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በማሳቹሴትስ የወለቁ የልጆች ጥርሶችን ሰብስበው በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች በአእምሮ ፈተናና በትምህርት ትኩረት ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አሳዩ። በ1982 የሬገን አስተዳደር የንግዱን ጫና ለማቅለል ደንቡን ሊያላላ አስቦ ነበር። ነገር ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደ የደም ምርመራ ውጤት በቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ ሲቀንስ በሕዝቡ ደም ውስጥ ያለውም አብሮ መቀነሱን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። አስተዳደሩ ሐሳቡን ቀየረ፣ እንዲያውም አጠበቀው፤ ከጃንዋሪ 1986 ጀምሮ በአንድ ጋሎን ከ0.1 ግራም በላይ እንዳይኖር ተወሰነ። የኤጀንሲው ኢኮኖሚስቶች ጥቅሙ ከወጪው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አስልተው ነበር። ከ1976 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ አሜሪካውያን ሕፃናት ደም ውስጥ በአማካይ በዴሲ ሊትር 15 ማይክሮግራም እርሳስ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 2.7 ወረደ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዲህ ያለ ውጤት ያስገኘ ደንብ ጥቂት ነው።

ብራዚል በሌላ በር ገባች። የ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ መናር ኢኮኖሚዋን ሲያናጋው በ1975 ከሸንኮራ አገዳ አልኮል እያወጡ ከቤንዚን ጋር የመቀላቀል ታላቅ መርሐ ግብር ጀመረች። የታሰበው የውጭ ምንዛሪ ለማዳንና የስኳር አምራቾቿን ለመደገፍ ነበር። አልኮሉ ግን ሚጅሊ ያውቀው የነበረውን ሥራ ሠራ፣ ማንኳኳቱን አስቀረ። እርሳሱ አላስፈላጊ ሆነና ብራዚል ከብዙ ባለጠጋ አገሮች ቀድማ ተሰናበተችው። ጠንካራ የአካባቢ ሕግ የሀብት ፍሬ ነው የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ምትክ በእጁ ያለ አገር፣ ባለጠጋም ባይሆን፣ ይቀድማል።

አውሮፓ በሁለት ተከፍላ ቆየች። ምዕራብ ጀርመን ገና በ1971 የቤንዚን እርሳስን የሚገድብ ሕግ አወጣች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጫካዎቿ እየደረቁ ነው የሚል ስጋት አገሩን ሲያስጨንቀው፣ በማርች 1983 ደግሞ የአረንጓዴዎች ፓርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ፌዴራል ፓርላማ ሲገባ፣ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ካታሊስትና እርሳስ አልባ ቤንዚን ለመላው የአውሮፓ ማኅበረሰብ እንዲደነገግ መወትወት ያዘ። የጀርመን መኪና ፋብሪካዎችም ለአሜሪካ ገበያ ሲሉ ካታሊስቱን አስቀድመው ተክነውበታል። ትንንሽ መኪና የሚሠሩት የፈረንሳይና የጣሊያን ኩባንያዎች ግን የካታሊስቱ ዋጋ ገዢ ያሳጣናል ብለው ተቃወሙ። ብሪታንያም ብዙ ካንገራገረች በኋላ በ1983 የብክለት ጉዳይ ንጉሣዊ ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርትና ወላጆች ባካሄዱት ዘመቻ ተገፍታ አቋሟን ቀየረች። በ1985 የወጣው መመሪያ እርሳስ አልባ ቤንዚን ከኦክቶበር 1989 ጀምሮ በየአባል አገሩ እንዲገኝ አዘዘ፤ ሙሉ እገዳው የመጣው በ2000 ነው። ትልቅ ገበያ ያለው ጥብቅ አገር ሌሎቹን ከኋላው ይጎትታል፤ የአሜሪካ ገበያ ጀርመንን፣ ጀርመን አውሮፓን ጎትተዋል።

ሕንድን የጎተታት ፍርድ ቤት ነው። ኤም. ሲ. ሜታ የተባሉ ጠበቃ ስለ ዴልሂ አየር ያቀረቡት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ እንዲሰጥ አደረገ፤ በ1995 እርሳስ የሌለበት ቤንዚን በአራቱ ታላላቅ ከተሞች መሸጥ ጀመረ፣ በ2000 መላ አገሪቱ ከእርሳስ ተላቀቀች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፈሳሹ መመረቱን አላቆመም። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኤልስሚር ፖርት የሚገኘው ፋብሪካ ለራሱ አገር ሰው የተከለከለውን ምርት ገና ላልከለከሉት አገሮች መሸጡን ቀጠለ። የዚህ ምርት ባለቤት ኢኖስፔክ በማርች 2010 በለንደንና በዋሽንግተን ፍርድ ቤቶች ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ ምርቱን መግዛታቸውን እንዲቀጥሉ በኢንዶኔዥያና በኢራቅ ላሉ ባለሥልጣናት ጉቦ ከፍሎ ነበር። በሁለቱ አገሮች የተጣለበት ቅጣት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኢንዶኔዥያ ከእርሳስ የተላቀቀችው በ2006 ነበር። የአንዳንድ አገር ሕግ ለምን እንደላላ ሲጠየቅ ድህነትና ኋላ ቀርነት ብቻ እየተጠቀሰ ይታለፋል። እዚህ ግን ሕጉን ያዘገየው እጅ በስም፣ በመዝገብና በፍርድ ቤት ፊት ታውቋል፤ በጃካርታ ጎዳና ጭሱን የተነፈሱት ሕፃናት ግን ካሳ የሚሰጣቸው አልነበረም።

ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ተራ የደረሰው በጁን 2001 ዳካር ላይ ነው። በዚያ የተሰበሰቡ የ25 አገሮች ተወካዮች እርሳስን ለማስወገድ ቃል ገቡ። በቀጣዩ ዓመት፣ በጆሃንስበርጉ የዘላቂ ልማት ጉባኤ፣ መንግሥታትን፣ የነዳጅና የመኪና ኩባንያዎችን ያቀፈ የንጹህ ነዳጅ ኅብረት ተመሠረተ፤ የሥራው ማዕከል ናይሮቢ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሆነ። ያኔ የነበረው ትልቁ ፍርሃት አሮጌ መኪኖች ያለ እርሳስ ቫልቫቸው ይቃጠላል የሚል ነበር። ሥጋቱ ሲፈተሽ ከተገመተው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዋናው እንቅፋት ሌላ ቦታ ነበር፦ የራሳቸው አሮጌ ማጣሪያ ያላቸው አገሮች እሱን ለማደስ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል፤ የተጣራ ነዳጅ ከውጭ የሚገዙት ግን በግዢ ውላቸው ላይ ያለውን መስፈርት መቀየር ይበቃቸዋል። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ የምትጠቀመውን ቤንዚን ሁሉ ተጣርቶ የምትገዛው ኢትዮጵያ ከሁለተኛዎቹ ወገን ናት። በጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በሙሉ እርሳስ ያለበት ቤንዚን መሸጥ አቆሙ። ቃል ከተገባ አምስት ዓመት እንኳን አልሞላም፤ አሜሪካ በመጀመሪያው ደንቧና በሙሉ እገዳዋ መካከል ከ20 ዓመት በላይ ወስዳለች።

ይህን ማስታወስ ተገቢ የሚሆነው አፍሪካ ውስጥ ጥብቅ የአካባቢ ሕግ አይሠራም የሚለው ድምዳሜ በቀላሉ ስለሚነገር ነው። በእርግጥ አንድን ነገር ወደብ ላይ መከልከልና በየፋብሪካው ጓሮ የሚፈሰውን ፍሳሽ መቆጣጠር አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሲነበብ ጥብቅ ነው፤ ማንም ሰው የአካባቢ ደረጃዎችን በመጣስ አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፣ ዜጋ ሁሉ የግል ጉዳቱን ሳያስረዳ እንዲከስም መብት ይሰጣል። እንዲህ ያለ አዋጅ ግን ናሙና ወስዶ የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ በጀት ያለው ተቆጣጣሪና የማይፈራ ዳኛ ይፈልጋል። ቤንዚኑ እነዚህን ሁሉ ስላልጠየቀ ፈጠነ።

በ2016 ሰሜን ኮሪያ፣ ሚያንማርና አፍጋኒስታን ካቆሙ በኋላ የቀሩት ኢራቅ፣ የመንና አልጄሪያ ብቻ ነበሩ። የመጨረሻዋ ነዳጅ አምራቿ አልጄሪያ ሆነች፤ በጁላይ 2021 ማደያዎቿ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ሸጠው ጨረሱ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በኦገስት 30 ቀን 2021 ዘመኑ ማብቃቱን ሲያበስር በዓመት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለ ዕድሜው ከመሞት እንደሚተርፍ ገመተ። ከዴይተን ላቦራቶሪ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ምትክ በእጁ ያለ አገር መቅደሙ ከእርሳሱ ውጭም ይታያል። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች፤ ብዙ ባለጠጋ አገሮች እንዲህ ያለውን እገዳ ለ2030ዎቹ ቀጥረውታል። ከውሳኔው ጀርባ ያለው እንደ ብራዚሉ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ነው። አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት ቢሊዮኖች ዶላር ታወጣለች፣ ኤሌክትሪኩን ግን ከገዛ ወንዞቿ ታመነጫለች።

ወደ እርሳሱ ስንመለስ፣ እስካሁን ያልለቀቀው ሥፍራ አለ። በፒስተን ሞተር የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ዛሬም እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይጠቀማሉ። በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆሴ ከተማ፣ በሪድ ሂልቪው አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ የሚኖሩ ሕፃናት ደም በ2021 ተጠንቶ እርሳሱ ለማረፊያው በቀረቡት ላይ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ የሳንታ ክላራ አውራጃ አስተዳደር ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ያንን ነዳጅ መሸጥ አቆመ። የፌዴራሉ አቪዬሽን ባለሥልጣን ደግሞ አውራጃው ይህን በማድረጉ ምርመራ ከፈተበት። በሜይ 2024 የወጣው የአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ ተስማሚ ምትክ ካልተገኘ ነዳጁ በየማረፊያው እስከ 2030 መጨረሻ፣ በአላስካ እስከ 2032 እንዲገኝ ያዝዛል።